ካርቦንን በዓይን ማየት፦ የኦርጋኒክ ውህዶችን ከሀዋሳ ገበያ በሚገኙ ነገሮች ለማሳየት የሚረዳ መመሪያ

«ካርቦን የሕይወት መሠረት ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይገኝም። ይሁን እንጂ ይህንን ካርቦን በዓይኑ ያየ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በራሱ እጅ የተከታተለ ተማሪ ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ የሆነው ትምህርቱ ስለሚከብድ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከሰንጠረዥና ከቀመር ስለሚጀመር ነው። በሀዋሳ ለሚያስተምሩ መምህራን፣ ለተማሪዎችና ልጆቻቸውን በቤት ለሚያግዙ ወላጆች ያዘጋጀሁት ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከማንኪያና ከእሳት ነው። በየደረጃው የሚከተለውም አንድ ነገር ነው፦ በእንሰቱ፣ በሙዙ፣ በዓሣውና በሰው አካል ውስጥ ያለው ካርቦን መነሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው፤ ከአንዱ ውህድ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ቆይቶም ተመልሶ ያንኑ ጋዝ ይሆናል።

ዝግጅት

ከገበያ ቡላ፣ ሙዝ በሦስት የብስለት ደረጃ፣ አቮካዶ፣ እንቁላል፣ ማር፣ ስኳር፣ ጨው፣ ኮምጣጤና እርሾ ይግዙ። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ቆሮሶ ትበቃለች። ከመድኃኒት ቤት የአዮዲን ፈሳሽና 95 በመቶ የሆነ አልኮል፣ ከግንባታ ዕቃ መደብር ደግሞ ለቀለም ቅብ የሚሸጠውን የተፈታ ኖራ ያገኛሉ። የቤኔዲክት ፈሳሽ፣ ኮፐር ሰልፌትና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚያስፈልጋቸው ሙከራዎች ግን በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ መምህር ባለበት ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፣ ኮፐር ሰልፌትም መርዛማ ነው። ለሙከራ የዋለ ምግብ በምንም ዓይነት አይበላም። የዓይን መከላከያ መነጽር ካለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሙከራ ድረስ መደረግ አለበት።

በማክሰል መጀመር

አሮጌ የብረት ማንኪያ ይውሰዱና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ያድርጉበት። ማንኪያውን በፒንሳ ይዘው በአነስተኛ እሳት ላይ ያቆዩት። ስኳሩ በመጀመሪያ ይቀልጣል፤ ቀጥሎ ወርቃማ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል፤ በመጨረሻም እየተንፈቀፈቀና እያበጠ ይጠቁራል። ቡናማ በሆነበት ሰዓት ደረቅና ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከላይ ቢደፉበት ውስጡ በጤዛ ይሸፈናል። ስኳሩ ደረቅ ስለነበር ይህ ውሃ ከሌላ ቦታ የመጣ አይደለም፤ በስኳሩ ውስጥ የነበሩት ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ውሃ ሆነው ሲወጡ ነው የታዩት። በማንኪያው ላይ የቀረው ጥቁር ነገር ደግሞ አብዛኛው ካርቦን ነው። አንድ የስኳር ሞለኪውል 12 የካርቦን፣ 22 የሃይድሮጅንና 11 የኦክስጅን አቶሞች አሉት፤ በክብደት ሲሰላም ከ100 ግራም ስኳር ውስጥ 42 ግራም ያህሉ ካርቦን ነው። ነጭ ሆኖ የምናውቀው ስኳር ይህን ያህል ጥቁር ነገር በውስጡ መያዙን ተማሪዎች ሲያዩ የሚያሳዩት መገረም የትምህርቱ ትልቅ ሀብት ነውና በዚህ ቦታ አይቸኩሉ።

በመቀጠል ሌላ ማንኪያ ወስደው ጨው ያሙቁ። ጨው ይንጣጣል እንጂ አይጠቁርም፤ በውስጡ ሶዲየምና ክሎሪን እንጂ ካርቦን የለም። ከዚያ በኋላ ቡላ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የዓሣ ሥጋ፣ የእንቁላል ነጭና የአቮካዶ ሥጋ በየተራ በጥቂቱ ያሙቁ። ሁሉም ይጠቁራሉ። ዓሣውና እንቁላሉ ሲጠቁሩ እንደ ተቃጠለ ፀጉር የሚሸት ጠረን ያወጣሉ፤ ጠረኑ የሚመጣው በፕሮቲን ውስጥ ካሉት ናይትሮጅንና ድኝ ስለሆነ ይህንን ልዩነት በደብተር ማስፈር ኋላ ላይ ይጠቅማል። ፕላስቲክም የካርቦን ውህድ ነው፤ ነገር ግን ጭሱ ጎጂ በመሆኑ ለዚህ ሙከራ አይቃጠልም። መስኮቶችም በሙሉ ክፍት መሆን ይገባቸዋል።

የጠቆረውን ቅጠል ማሞቅዎን ሳያቋርጡ ይቀጥሉ። ጥቁሩ ቀስ በቀስ እየጋመ ይጠፋና ጥቂት ግራጫ አመድ ብቻ ይቀራል። ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች እንጨቱን በአፈር የሚሸፍኑት ጥቁሩ በዚህ ሁኔታ እንዳይጠፋባቸው ነው፤ አየር ያጣ እንጨት ውሃውንና ሌሎች ጋዞቹን ለቅቆ ካርቦኑን ያስቀራል፣ አየር ያገኘ እንጨት ግን ካርቦኑም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። አመዱ ተክሉ ከአፈር የወሰደው ማዕድን ነው። ከደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ሲሆን ከአፈር የመጣው ድርሻ ግን እጅግ ትንሽ መሆኑን ይህ አንድ ቁንጥር አመድ በግልጽ ያሳያል።

እዚህ ላይ የእንቁላል ቅርፊት መጨመር አለበት፤ ብዙዎች ቢዘሉትም ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው እሱ ነው። ቅርፊቱን ሲያሞቁ በውስጥ በኩል የተለጠፈው ስስ ሽፋን ፕሮቲን ስለሆነ ይጠቁራል፤ ጠንካራው ነጭ ክፍል ግን አይጠቁርም። ይህን አይቶ «ቅርፊቱ ካርቦን የለውም» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ሌላ ያልሞቀ ቅርፊት ኮምጣጤ ውስጥ ሲጨምሩት የሚንፈቀፈቀው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ ካርቦን አለው። እንዲህ ያሉ ካርቦኔቶች፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ካርቦን ቢይዙም ከኦርጋኒክ ውህዶች አይቆጠሩም። ኦርጋኒክ የምንላቸው በአብዛኛው ካርቦን ከሃይድሮጅን ጋር፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ ካርቦን ጋር የተሳሰረባቸው ውህዶች ናቸው።

ቀድሞ የነበረው አስተሳሰብ ከዚህ የተለየ ነበር። ኦርጋኒክ ውህድ የሚሠራው በሕያው ነገር ውስጥ ባለ ልዩ የሕይወት ኃይል ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1828 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪክ ቮለር አሞኒየም ሳያኔት ከተባለ ሕይወት አልባ ጨው በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ በቤተ ሙከራ ሠራ። ዛሬ በሀዋሳ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ለበቆሏቸው የሚጨምሩት ዩሪያ በፋብሪካ የተመረተ ቢሆንም ሞለኪውሉ በሰው አካል ውስጥ ከሚሠራው ዩሪያ በምንም አይለይም።

የካርቦንን አራት ትስስሮች በጭቃ መሥራት

ካርቦን ስድስት ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ሁለቱ በውስጠኛው፣ አራቱ በውጨኛው ምሕዋር ላይ ይገኛሉ። የውጨኛው ምሕዋር የሚሞላው በስምንት ስለሆነ ካርቦን ከሌሎች አቶሞች ጋር አራት ጥንድ ኤሌክትሮኖችን ይጋራል፤ በሌላ አነጋገር አራት ትስስሮችን ይፈጥራል። ይህንን ለማሳየት ጥሩ ጭቃና የጥርስ መፋቂያ ስንጥሮች ይበቃሉ። ጥቁር ጭቃ ለካርቦን፣ ቀይ ለኦክስጅን፣ ነጭ ለሃይድሮጅን ያድቦልቡሉ፤ ለናይትሮጅን የቀረዎትን ሌላ ቀለም ይጠቀሙ። ደንቡ ካርቦን አራት፣ ናይትሮጅን ሦስት፣ ኦክስጅን ሁለት፣ ሃይድሮጅን አንድ ስንጥር እንዲኖራቸው ብቻ ነው፤ ያልተያያዘ ስንጥር መቅረት የለበትም።

ተማሪዎቹ በመጀመሪያ አንድ ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ያለውን ሚቴን ይሥሩ። ቀጥሎ አራት ካርቦንና አሥር ሃይድሮጅን ይስጧቸውና በስንት መንገድ ማያያዝ እንደሚቻል እንዲፈልጉ ያድርጉ፤ አንዱ ቀጥ ያለ ሰንሰለት፣ ሌላው ቅርንጫፍ ያለው ሆኖ ሁለት መልስ ያገኛሉ። በአምስት ካርቦን ሦስት፣ በስድስት ካርቦን አምስት መልስ አለ። በአሥር ካርቦን 75 ይደርሳል፤ በ20 ካርቦን ደግሞ 366,319 ይሆናል። እዚህ ውስጥ የገቡት ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ መሆናቸውን ያስታውሱ፤ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ሲጨመሩ፣ ድርብ ትስስርና ቀለበት ሲገባ ብዛቱ ሊቆጠር የማይችል ይሆናል። ሕይወት እጅግ የተለያየ ሥራ የሚሠሩ ሞለኪውሎችን ከጥቂት ዓይነት አቶሞች ልትገነባ የቻለችው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ንቁ ተማሪ «ሲሊከንም አራት ትስስር አለው፤ ለምን እሱ አልሆነም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄው ሊከበር የሚገባው ነው። በመሬት ቅርፊት ውስጥ ሲሊከን ከካርቦን እጅግ ይበልጣል፤ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የምንረግጣቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮችና አሸዋው የሲሊከንና የኦክስጅን ውህዶች ናቸው። ልዩነቱ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ሲሊከን ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ጠጣር ድንጋይ ይሆናል፤ ካርቦን ግን በአየር የሚነፍስ፣ በውሃም የሚሟሟ ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ ቅጠል ካርቦኑን ከአየር ሊስበው፣ ሳንባም መልሶ ሊያወጣው ይችላል።

የኖራ ውሃና ትንፋሽ

አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈታ ኖራ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ጠርሙሱን ከድነው ያሳድሩ። ያልተፈታውን ኖራ ግን ውሃ ሲነካው በኃይል ስለሚፈላ ፈጽሞ አይጠቀሙበት። በማግሥቱ ከላይ የጠለለውን ጥርት ያለ ውሃ ሳያደፈርሱ ወደ ሁለት ብርጭቆዎች ይቅዱ። በአንደኛው ውስጥ በስትሮ ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ ወደ አፍ መሳብ ክልክል ነው። በሁለተኛው ውስጥ በትልቅ ሲሪንጅ ወይም በብስክሌት ፓምፕ የክፍሉን አየር ይንፉ። ትንፋሽ የገባበት ብዙ ሳይቆይ ወተት ይመስላል፤ አየር የገባበት ግን ለረጅም ጊዜ ጥርት ብሎ ይቆያል። ከምናስወጣው ትንፋሽ 4 በመቶ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን በአየር ውስጥ ያለው ግን 0.04 በመቶ አካባቢ ነው። ነጩ ደለል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የእንቁላሉ ቅርፊት የተሠራበት ያው ውህድ ማለት ነው። መተንፈሱን አብዝተው ቢቀጥሉ ደለሉ ተመልሶ ስለሚሟሟ ውሃው ሲነጣ ማቆም ይገባል።

ይህ ካርቦን ቁርስ ላይ በተበላው ምግብ ውስጥ የነበረ ነው። ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው በአካሉ ውስጥ ወደ 11 ኪሎ ግራም የሚሆን ካርቦን አለው፤ ይህ ክምችትም ያለማቋረጥ በምግብ እየገባና በትንፋሽ እየወጣ ይታደሳል። የሰው ልጅ ብቻ ሳይሆን እርሾም እንዲሁ ያደርጋል፤ ለብ ባለ የስኳር ውሃ እርሾ በጥብጠው ከጠርሙሱ አፍ በቀጭን ቱቦ ወደ ኖራ ውሃው ቢያገናኙት ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እዚያም ነጩ ደለል ይታያል።

ካርቦኑ ወደ ቅጠል ሲገባ

እ.ኤ.አ. በ1648 የታተመው የቤልጅየማዊው የያን ባፕቲስታ ቫን ሄልሞንት ሥራ ስለ አንድ ሙከራ ይናገራል። ሰውየው 200 ፓውንድ በሚመዝን ደረቅ አፈር ውስጥ አምስት ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተክሎ ውሃ ብቻ እያጠጣ አምስት ዓመት ቆየ። ዛፉ 169 ፓውንድ ያህል ሆነ፤ አፈሩ ግን የቀነሰው ሁለት አውንስ ያህል ብቻ ነበር። እሱ ዛፉ ሙሉ በሙሉ ከውሃ እንደ ተሠራ ደመደመ፤ የዛፉን ካርቦን በሙሉ የሰጠው አየር መሆኑ በዘመኑ አልታወቀም ነበር።

ይህንን በሀዋሳ ፀሐይ ለማሳየት ቦሎቄ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ቅጠሉ የሠራውን ስኳር በስታርች መልክ ስለሚያከማች ስታርች ሲያገኝ ጥቁር ሰማያዊ በሚሆነው አዮዲን ለመመርመር ያመቻል። በማሰሮ የበቀለ ቦሎቄ ሁለት ቀን ሙሉ ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ፤ በቅጠሉ ውስጥ የነበረው ስታርች በዚህ ጊዜ ያልቃል። ከዚያ የአንዱን ቅጠል አጋማሽ በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍነው ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ያቆዩት። ቅጠሉን ቆርጠው ለአንድ ደቂቃ በፈላ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ቀጥሎ እሳቱን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከዚህ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ምንም ዓይነት ነበልባል መኖር የለበትም። ቅጠሉን አልኮል ባለበት ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አድርገው ብርጭቆውን በሙቅ ውሃው ውስጥ ያስቀምጡት። አረንጓዴው ቀለም ወደ አልኮሉ ወጥቶ ቅጠሉ ሲገረጣ ለብ ባለ ውሃ አጥበው በሳሕን ላይ ይዘርጉትና አዮዲን ያንጠባጥቡበት። ፀሐይ ያገኘው ክፍል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ተሸፍኖ የዋለው ክፍል ግን የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም እንደ ያዘ ይቀራል። ጥቁር ሰማያዊው ክፍል በዚያው ዕለት ከአየር ገብቶ በፎቶሲንተሲስ ወደ ስታርች የተለወጠ ካርቦን ነው።

ቡላና ቃጫ

ከካርቦሃይድሬቶች ለመጀመር እንሰትን የሚያህል ተክል የለም፤ ሁለቱን ታላላቅ ካርቦሃይድሬቶች በአንድ ግንድ ውስጥ ይዟልና። ቡላው ስታርች ነው፤ ገመድ የሚሠራበት ቃጫው ደግሞ በዋናነት ሴሉሎስ ነው። የአዮዲኑን ፈሳሽ ቀጭን ሻይ እስኪመስል ድረስ በውሃ ያቅጥኑትና በቡላው ላይ አንድ ጠብታ ያድርጉ፤ ወዲያውኑ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። በውሃ ደጋግመው ባጠቡት ቃጫ ላይ ሲያንጠባጥቡ ግን ይህ ለውጥ አይታይም። ቃጫው በሚገባ ካልታጠበ የተጣበቀበት ቡላ ውጤቱን ስለሚያበላሽ በማጠቡ ላይ መታገሥ ያስፈልጋል። በትኩስ ገንፎ ላይም አይሞክሩት፤ ቀለሙ ሲሞቅ ይጠፋና ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

ሁለቱም የተሠሩት ከግሉኮስ ነው። ግሉኮስ ስድስት ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና ስድስት ኦክስጅን ያለው ስኳር ሲሆን እጅግ ብዙዎቹ ተሰካክተው ሰንሰለት ሲፈጥሩ ስታርችም ሴሉሎስም ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ አንዱ ግሉኮስ ከሌላው ጋር በተያያዘበት አቅጣጫ ላይ ብቻ ነው። በስታርች ውስጥ ትስስሩ ሰንሰለቱን እንዲጠማዘዝ ያደርገዋል፤ አዮዲን በጥምዝማዛው ውስጥ ሲገባም ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ይፈጠራል። በሴሉሎስ ውስጥ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ ይቆማል፤ የቃጫው ጥንካሬ የመጣው ከዚህ ነው። ሰው ቡላ በልቶ ጉልበት ያገኛል፤ ቃጫን ግን ሊፈጭ አይችልም። ላም የእንሰት ቅጠል በልታ የምትጠቀመው በጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሴሉሎሱን ስለሚያፈርሱላት ነው። ተማሪው ያንኑ ግሉኮስ በጭቃ ሠርቶ ሁለቱን አያያዝ በእጁ ቢሞክር፣ የካርቦን ውህድ ባሕርይ በአቶሞቹ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በአቀማመጣቸውም እንደሚወሰን ያለ ብዙ ንግግር ይረዳል።

ስኳር፣ ቅባትና ፕሮቲን

ለስኳር የቤኔዲክት ፈሳሽ ያስፈልጋል። ሁለት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ከእኩል መጠን የማር ውሃ ጋር በሙከራ ቱቦ ቀላቅለው ለአምስት ደቂቃ በፈላ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ይህ ሙቀት ለሙከራው ይበቃል። ሰማያዊው ፈሳሽ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ በመጨረሻም የሸክላ ቀለም ይሆናል። የገበያውን ነጭ ስኳር ሲሞክሩ ግን ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱ ማሩ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ለየብቻቸው ያሉበት ሲሆን ነጩ ስኳር ግን ሁለቱ የተጣመሩበት ሱክሮስ መሆኑ ነው።

ለቅባት ነጭ ወረቀት በቂ ነው። አቮካዶ ወይም የተፈጨ ኑግ ወረቀት ላይ አሽተው አጠገቡ የውሃ ጠብታ ያድርጉና ሁለቱም እንዲደርቁ ይጠብቁ። ውሃው ምልክት ሳይተው ይጠፋል፤ ቅባቱ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ነቁጥ ሆኖ ይቀራል። ቅባት ከግሊሰሮልና ከሦስት ረጃጅም የፋቲ አሲድ ሰንሰለቶች የተሠራ ነው፤ በሰንሰለቶቹ ላይ ካርቦን በአብዛኛው ከሃይድሮጅን ጋር ስለተሳሰረ አንድ ግራም ቅባት ወደ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት የሚሰጠው ግን 4 ያህል ነው።

ፕሮቲንን ለመለየት የእንቁላል ነጭ በውሃ አቅጥነው፣ በሌላ ቱቦ ደግሞ የተከተፈ ጥሬ ቆሮሶ በጥቂት ውሃ በጥብጠው ያዘጋጁ። በየቱቦው ሁለት ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከጨመሩ በኋላ 1 በመቶ የሆነ ኮፐር ሰልፌት ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ብቻ ያክሉ። ሁለቱም ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛሉ፤ ባዶ ውሃ ያለበት ቱቦ ግን ሰማያዊ ይሆናል። ኮፐር ሰልፌቱ ከበዛ ሰማያዊው ወይን ጠጁን ስለሚሸፍነው በጠብታ መለካት ግዴታ ነው። ወይን ጠጁ ቀለም የሚመጣው መዳቡ አሚኖ አሲዶችን ከሚያያይዘው የካርቦንና የናይትሮጅን ትስስር ጋር ሲገናኝ ነው። በሕያዋን አካል ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች በአብዛኛው የሚገነቡት ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው።

ውህዱ ሲለወጥ መከታተል

ከላይ የተገለጹት ምርመራዎች በሙሉ ጥቅማቸው ጎልቶ የሚታየው አንድ ውህድ ወደ ሌላ ሲለወጥ ነው። ሦስት ሙዝ ያቅርቡ፦ አንዱ ገና ያልበሰለ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ልጣጩ ጥቁር ነቁጥ የወጣበት። ከእያንዳንዱ ስስ ክብ ቆርጠው ነጭ ሳሕን ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡና እኩል አዮዲን ያንጠባጥቡ። አረንጓዴው ከዳር እስከ ዳር ይጠቁራል፤ ቢጫው በከፊል ይጠቁራል፤ የበሰለው ግን እምብዛም አይለወጥም። አሁን ከየአንዳንዱ ጥቂት ፈጭተው በቤኔዲክት ፈሳሽ ሲሞክሩ ውጤቱ ይገለበጣል፤ ጠንካራውን የሸክላ ቀለም የሚሰጠው የበሰለው ነው። ሙዙ ከተክሉ ከተቆረጠ በኋላ ከውጭ ስኳር አልጨመረም፤ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች የስታርቹን ሰንሰለት እየበጣጠሱ ወደ ስኳር ለወጡት እንጂ።

ያው ሥራ በአፍ ውስጥም ይከናወናል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቡላ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍልተው ያቀዝቅዙና በሦስት ቱቦ ይክፈሉት። ለአንደኛው ምራቅ፣ ለሁለተኛው ፈልቶ የቀዘቀዘ ምራቅ፣ ለሦስተኛው ውሃ ይጨምሩ፤ እያንዳንዱ ተማሪ የሚጠቀመው የራሱን ምራቅ ብቻ ነው። ቱቦዎቹን በ37 ዲግሪ አካባቢ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁመው በየሁለት ደቂቃው አንድ አንድ ጠብታ እየወሰዱ በአዮዲን ይመርምሩ። ምራቅ ያለበት ቀለም እየሳሳ ሄዶ ከጊዜ በኋላ መጥቆሩን ያቆማል፤ ሁለቱ ግን እንደ ጠቆሩ ይቀጥላሉ። በምራቅ ውስጥ ያለው፣ ስታርችን የሚበጣጥሰው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ራሱ ፕሮቲን ነው፤ ሲፈላ ቅርጹ ስለሚፈርስ ሥራውን ያቆማል።

ከሙዝ ዲኤንኤ ማውጣት

ከካርቦሃይድሬት፣ ከቅባትና ከፕሮቲን ቀጥሎ አራተኛው የውህድ ቤተሰብ ኑክሊክ አሲድ ነው፤ የዘር መረጃን የሚይዘው ዲኤንኤ ከዚህ ይመደባል፤ የማውጣቱ ሥራም አጭር ነው። ግማሽ የበሰለ ሙዝ በሹካ በደንብ ያድቅቁ። በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አንድ ቁንጥር ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ይጨምሩበትና አረፋ ሳያስነሡ አሥር ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ሳሙናው ከቅባት የተሠራውን የሕዋስ ሽፋን ይበታትነዋል። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ካጠለሉት በኋላ በፍሪጅ በደንብ የቀዘቀዘ 95 በመቶ አልኮል በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀስ አድርገው ያፍስሱ። አልኮሉ ከላይ ተንሳፎ በሁለቱ ፈሳሾች መካከል ነጭ ዘሃ መሰል ነገር ይወጣል። የአረቄ አልኮል ለዚህ ሥራ በቂ አይደለም። የወጣው ነገር ንጹሕ ዲኤንኤ ብቻ አለመሆኑን፣ ፔክቲንና ፕሮቲንም አብረው እንደሚወጡ ለተማሪዎች በግልጽ መንገር ተገቢ ነው። የዲኤንኤ ሰንሰለት አምስት ካርቦን ካለው ስኳር፣ ከፎስፌትና ናይትሮጅን ካላቸው ቤዞች የተገነባ ነው።

ሙከራው ሲያልቅ

የምግብ ቅሪትና የአዮዲን ጠብታዎች በብዙ ውሃ ሊታጠቡ ይችላሉ። ደለሉ የወረደ የኖራ ውሃም እንዲሁ። የቤኔዲክት ፈሳሽና ኮፐር ሰልፌት የነኩ ቱቦዎች ይዘት ግን ወደ ቦይ አይደፋም። የሀዋሳ ሐይቅ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውሃና ሌሎች ጅረቶች ያመጡት ነገር በውስጡ ይቀራል፤ መዳብ ደግሞ ለዓሣና ለዓሣው ምግብ ለሚሆኑት አልጌዎች መርዝ ነው። ስለዚህ መዳብ ያለበትን ፈሳሽ በሙሉ፣ የመጀመሪያውን የማጠቢያ ውሃ ጨምሮ፣ አንድ ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያጠራቅሙ፤ በላዩ ላይ የይዘቱን ስምና «መርዝ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ልጆች በማይደርሱበት የቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ያስቀምጡ፤ ዕቃው ሲሞላም ለኬሚካል ንብረት ኃላፊው በፊርማ ያስረክቡ።